ሄልቪን የሚያሳይ ገመድ

ኳሷ እስከ መሀል መንገድ ቀጥ ብላ ሄደችና ወደ ግራ ታጥፋ ቦዩ ውስጥ ገባች። አሥሩም ጠርሙስ መሳይ ፒኖች እንደቆሙ ቀሩ።

"እሰይ!" አሉ ዶሎረስ ከወንበራቸው ሳይነሡ። "ፒኖቹ እኮ ቆመው እየጠበቁህ ነው ኡርሆ። መጣሉ ቢያቅትህ እንኳ ሰላም በላቸው እንጂ!"

ኡርሆ ማኪ ሪሞቷን ከእጃቸው አንጓ ጋር ያሰረውን ክር ፈቱና ዶሎረስ ጭን ላይ አስቀመጧት።

"ስሜን ከቡድኑ ሰርዙት።"

"ኧረ ተው! ቀልዴን እኮ ነው።"

"አንቺን አላልኩም። በቃኝ።"

ማርላ ይህን ስትሰማ እጇ ሊጥ እንደሆነ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በጥድ ጥላ የአረጋውያን መኖሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታበስል ኡርሆ ሐሙስን አቋርጠው ሲወጡ አይታ አታውቅም። ሐሙስ የቦውሊንግ ቀን ነው። እውነተኛው አዳራሽ ከተዘጋ ወዲህ የሚጫወቱት ቲቪው ሥር በተቀመጠች ነጭ የጌም ሳጥን ነው። ሪሞቷን ይዘው ክንዳቸውን እንደ ድሮው ሲወረውሩ ኳሷ ስክሪኑ ላይ ትንከባለላለች። ከውጭ ለሚያይ የልጅ ጨዋታ ነው። ለእነሱ ግን ሐሙስ ነው።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለቻቸው። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ካለው መስኮት አጠገብ ቆመው የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲወርድ ያያሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ብረት ማዕድን የቆፈረ ትከሻቸው ግን አሁንም መስኮቱን ይሸፍነዋል።

"ምን ሆነው ነው?" አለች። "አንድ ኳስ ቦይ ገባ ተብሎ ይኮረፋል? አባቴ ባንድ ቀን ስድስት ሲያስገባ አይቻለሁ፤ ያውም እየፎከረ።"

"አባትሽማ ጠጥቶ ነበር።" ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። "ኳሱ አይደለም ልጄ። ሄልቪን አጣኋት።"

ሄልቪ ባለቤታቸው ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

"አጣኋት ማለት?"

"ሳጥኗ ውስጥ ነዋ። የሁላችንም ፊት በሥዕል ተሠርቶ የለ? እኛ ስንጫወት ሌሎቹ ከጎን ባሉት መስመሮች ላይ ይቆማሉ። ሄልቪም ትመጣለች። ድሮ ገና ብቅ ስትል ነው የማውቃት፤ ሰላም ብያት ነበር የምወረውረው። አሁን ሁሉም አንድ ሆኑብኝ። ጭጋግ ናቸው።" የመስኮቱን መስታወት በእጅጌያቸው ጠረጉ። "ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። 'የእርስዎ ዓይን ከእኔም ይሻላል' አለኝ።" ከዚያ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። "ዓይኔ ደኅና ከሆነ ምን ቀረ? ወንድሜ ኤይኖ እንደዚሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ፊት ጠፋው፣ ቀጥሎ ስም፣ በመጨረሻ ሚስቱ ቡና ስታቀብለው 'አመሰግናለሁ እመቤት' አላት።"

"እና ምን ሊያደርጉ ነው?"

"እሑድ ልጄ ስትደውል እነግራታለሁ። ወደ ዝግ ክፍሉ ያዛውሩኝ። ሰው ሳይጎትተኝ በገዛ እግሬ ልግባ።"

ዝግ ክፍሉ ከሕንጻው ኋላ ነው። በሩ በቁጥር የሚከፈት፣ ራሳቸውን የረሱ ሰዎች የሚኖሩበት። ማርላ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ በጋሪ ትገፋበታለች። ከዚያ ተመልሶ ወደዚህኛው አዳራሽ የመጣ ሰው ግን አታውቅም።

"እሑድ ገና ሦስት ቀን አለው" አለቻቸው።

ማርላ ከአሥረኛ ክፍል የወጣች ሴት ናት። ሐኪም ያላወቀውን አውቃለሁ አትልም። ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥ ካላት አልዋጥ አላት ነው። ኡርሆ ትናንት ሾርባው ውስጥ በርበሬ እንደተረሳ በአንድ ማንኪያ ያወቁ ሰው ናቸው። ያለፈው ሳምንትም የዶሎረስን ነጥብ ማጭበርበር በቃላቸው ደምረው ነው የያዙት። እንዲህ ያለ ሰው የሚስቱን ፊት ብቻ ለይቶ ይረሳል?

አዳራሹ ገብታ ቲቪው ፊት ተገተረች። ቲቪው ሰፊ ነው። ባለ ሆዱ አሮጌው ቲቪ ነሐሴ ላይ ሲቃጠል፣ ሊዘጋ የነበረው ባንክ ከግድግዳው ነቅሎ የሰጣቸው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ስፋቱን አይተው አጨብጭበው ነበር። አሁን ጠጋ ብላ ስታየው ከጎን መስመር ላይ የቆሙት ፊቶች ትኩስ ዳቦ ላይ እንደተቀባ ቅቤ ፈሰዋል። የቲቪውን ሪሞት አንሥታ ወደ አየር ጠባዩ ጣቢያ ቀየረችው። የትንበያ አቅራቢው ሰውዬ ከረባት ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ወደ ጨዋታው መለሰችው፤ ቅቤ። እንደገና ወደ ሰውዬው፤ ነጠብጣብ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ተራዬ ነው እኮ!" አሉ ዶሎረስ።

"ዶሎረስ፣ ያ በግራ በኩል የቆመው ማን ነው?"

ዶሎረስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ሰው ነው።"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ። ዱባ የመሰለ ሰው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማይለዩት?"

"ይሄ የባንክ ቲቪ ከመጣ ጀምሮ። ማን ግድ አለው? እኔ የማየው ነጥቤን ነው።"

ማርላ አንገቷን ነቀነቀች። ቲቪው ደኅና ነው፤ ከረባቱን አሳይቷል። ሳጥኗም ያችው ሳጥን ናት። የኡርሆም ዓይን ደኅና ነው ተብሏል። የቀረው በቲቪውና በሳጥኗ መሀል ያለው ነገር ነው። ተንበርክካ ከጀርባ አየች፤ ጫፉ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ የሆነ አንድ ቀጭን ገመድ። ከእሱ ጎን ምንም ያልተሰካባቸው ባለቀለም ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር ወረቀት ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ በዶሎረስ ባለቀለም እርሳሶች ቀዳዳዎቹን እንዳሉ ሳለቻቸው፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ። ከዚያ ቢጫውን ገመድ ነቅላ ጠቀለለችው።

የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ሊያን በር ላይ አገኘቻት። ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

"ማርላ፣ የት ነው? ምሳ እኮ ደርሷል።"

"ገመድ ልገዛ።"

"ለዚያች ሳጥን? አርጅታለች እኮ። ለገና አዲስ እንገዛላቸዋለን ብያለሁ።"

"አዲሱ ውስጥ ሄልቪ የሉም።"

"ማን?"

"ፓስቲው ምድጃ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሲጮህ አውጪልኝ" አለችና መኪናዋን አስነሣች።

መንገዱ በድሮው የቦውሊንግ አዳራሽ በኩል ያልፋል። ዛሬ ሁሉም ነገር በአንድ ዶላር የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል፤ የጣሪያው ቅስት ግን ያው ነው። ማርላ እናቷ ታማ ትምህርቷን ስትተው የተቀጠረችው እዚህ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጫማ ታከራይ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቆፋሪዎቹ ከፈረቃ ወጥተው ሲመጡ አንገታቸው ሥር የማዕድኑ ቀይ አቧራ ገና አልለቀቀም ነበር። የሁሉንም የእግር ቁጥር በቃሏ ትይዝ ስለነበር ገና በሩን ሲገፉ ጫማቸው ባንኮኒው ላይ ይጠብቃቸዋል። የኡርሆ ትልቁ ነው፤ አሥራ ሁለት ተኩል ነበር። ሰም የተቀባው ወለል ሽታ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ እርጥብ ካፖርት፤ ከዚያ ኡርሆ ሲወረውሩ የሚመጣው ነጎድጓድ። አሁንም መስኮቷን ዝቅ ብታደርግ የምትሰማው ይመስላታል።

ሄልቪ ደግሞ ነጥብ ይጽፉ ነበር። እርሳሳቸው ጆሮአቸው ላይ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፤ ሰውን የሚያዩት በመነጽሩ ሳይሆን ከመነጽሩ በላይ ነው። ማርላ የነጥቡ አደማመር ሲምታታባት ከጎናቸው አስቀምጠው የበረዶውን ወራት በሙሉ አስተማሯት። "ትምህርት ቤቱን ትተሽው ይሆናል" አሏት አንድ ቀን፣ "ቁጥር ግን አንቺን አይተውሽም።" ዛሬ ለስልሳ ሰው ዱቄት ስትሰፍር የምታሰላው በዚያ ነው።

ሳጥኗ የመጣች ዓመት በረዶ ሦስት ቀን ዘግቶባቸው እርስ በርስ ፊት ሲሠራሩ ነበር። ኡርሆ ለሄልቪ ትንሿን አፍንጫ መረጡላቸው። ሄልቪ ጮኹ፤ "እሷ ደግሞ ማን ናት? ሌላ ሴት ልታገባ ነው? ትልቁን አድርግ!" መነጽሩንም ራሳቸው እስከ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱት። ቀጥለው ማርላን ጠሯት። ማርላ እምቢ አለች። "እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ድስት አለብኝ" ብላ ገባች። ከዚያ በኋላ የጠራት የለም።

ያገለገሉ ጌሞች የሚሸጡበት ሱቅ ድሮ የጫማ ሱቅ ነበር። ባንኮኒው ኋላ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ ዱዌይን የሚል ተለጥፏል።

"ገመድ ፈልጌ ነበር" አለች፣ ቢጫውን ባንኮኒው ላይ ጥላ። "ለነጯ ሳጥን። ሰው ክንዱን እያወዛወዘ ቦውሊንግ ለሚጫወትባት።" የሳለችውንም አጠገቡ ዘረጋችለት።

ዱዌይን ሥዕሏን አይቶ ሣቀ። "እንዲህ አድርጎ ቀዳዳውን ያመጣልኝ ሰው የለም። ሁሉም 'ቲቪዬ ጥቁር ነው' ብሎ ነው የሚመጣው።" ሦስት ነገር ደረደረ። "ይቺ አውራ ጣት የምታክለው ማገናኛ ሳጥኗ ጀርባ ላይ ትሰካለች፤ ከእሷ ወደ ቲቪው አንድ ገመድ ብቻ ነው፣ አለቀ። ብዙ ሰው የሚወስደው እሷን ነው። እነዚህ ሁለቱ አምስት አምስት ጫፍ አላቸው። ይሄ አዲስና ርካሽ ነው። ይሄ ደግሞ ያገለገለ ነው፤ ግን ሳጥኗን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የሠሩት ነው።"

"የቱ ነው የሚሻለው?"

"እሱ እንግዲህ እንደ—"

"እንደ ምን? ድንች ስገዛ የቱ ነው የሚበስለው ብዬ ነው የምጠይቀው።"

"እሺ። ቢጫው ሥዕሉን በሙሉ ባንድ ገመድ አጭቆ ነው የሚልከው፤ ብርሃኑም ቀለሙም አንድ ላይ ተደበላልቆ። አምስት ጫፍ ያለው ግን ሥዕሉን ለሦስት ከፍሎ ያሳልፈዋል፤ የቀሩት ሁለቱ የድምፅ ናቸው።"

"ታዲያ በአሮጌው ቲቪ ለምን ደኅና ነበር?"

"ትንሽ ስለነበረ ነዋ። ትንሽ ቲቪ ጉድለት ይሸፍናል። ሰፊው አጉልቶ ያወጣዋል።"

"አሳየኝ።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እየሰካህ አሳየኝ።"

ዱዌይን ሰዓቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ተነሣ። ለሙከራ የሚያስቀምጣት ነጭ ሳጥን ነበረችው። ውስጧ ቤተሰቡ ሁሉ ተሠርቷል። ማርላ መነጽር ያደረገች አንዲት ሴት መረጠች፤ አክስቴ ናት አላት። "እንግዲህ የአክስትህ መነጽር ቅንድቧ ላይ ነው ወይስ አፍንጫዋ ላይ? እሱን ነው ማየት የምፈልገው።"

በቢጫው አክስትየው ፊቷ ላይ ጥላሸት ያለባት ትመስላለች። አውራ ጣት የምታክለዋ ሥዕሉን አጠራችው፤ ግን አጨለመችው፣ ቅንድብና መነጽር ተጣበቁ። "የእኔዋ ርካሽ ስለሆነች ነው፤ ደኅና የሚሠሩም አሉ" አለ ዱዌይን። ርካሹ ባለ አምስት ጫፍ ሲሰካ ፊቷ ተለየ፣ ነገር ግን ጅረት ላይ እንዳለ ሞገድ የሚመስል ነገር ከላይ ወደ ታች ይወርድባታል። በመጨረሻ ወፍራሙን አሮጌ ገመድ ሰካ። የመነጽሯ ዘንግ እስከ ፀጉሯ ሥር ድረስ ታየ።

"ይሄንን" አለች ማርላ።

"ሠላሳ አምስት ዶላር ነው። ከሦስቱም ውዱ ነው።"

"መቼ ዋጋ ጠየቅኩህ?"

ወረቀት ከረጢት ውስጥ እየከተተላት፣ "አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሁለት ቀይ አለው። አንዱ የሥዕል ነው፣ አንዱ—"

"ቀይ ቀለም አውቃለሁ ልጄ።"

ዱዌይን እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሳጥኗ ውስጥ ምን መቀየር እንዳለበት ግን ከረጢቱ ላይ ጽፎ ሰጣት። ቢጫውን ገመድም መልሳ ወሰደችው፤ በሚቀጥለው በጋ ቲማቲም ታስርበታለች።

ስትመለስ ምሳ ተበልቷል። ሥጋውና ድንቹ የታሸገበት የፓስቲ ሊጥ ጠርዙ ጠቁሯል፤ ሰዓቱ ሲጮህ ሊያን ስልክ ላይ ነበረች። "ከሰል በካቻፕ አበላችን" አሉ ዶሎረስ። "ካቻፕ ሲያደርጉበት ነው የተበላሸው" አለች ማርላ ሳትቆም። የኡርሆን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

"ይነሡ።"

"ማርላ፣ ተይኝ።"

"አልተውዎትም። የቲቪው ጀርባ ጨለማ ነው። ባትሪ የሚያበራልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ባትሪ ማብራትም ረሱ?"

እየተነጫነጩ ተነሡ። እሳቸው አበሩ፣ እሷ ተንበርክካ ሰካች። አረንጓዴው አረንጓዴ ውስጥ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ውስጥ፣ ቀዩ ቀይ ውስጥ፣ ነጩ ነጭ ውስጥ፣ የቀረው ቀይ የቀረው ቀይ ውስጥ። "በቃ" አለችና ሳጥኗን ከፈተች።

ቲቪው እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ወለሉ፣ ኳሱ፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ድንጋይ ላይ እንደበቀለ ሻጋታ አረንጓዴ ሆነ።

የኡርሆ ባትሪ ወለሉ ላይ ወደቀ። "አረንጓዴ ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። "ማርላ፣ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ሆነብኝ።"

"ለእኔም አረንጓዴ ነው!" አሉ ዶሎረስ።

"ለእኔም" አለ ሌላ ድምፅ። ከምሳ እስከ እራት ወንበራቸው ላይ የሚያንቀላፉት ሬይኖ ናቸው።

ኡርሆ በየተራ አዩዋቸው። "ሁላችሁም?"

"ሁላችንም! የእንቁራሪት ቦውሊንግ ነው የገዛችልን!"

ትከሻቸው ትንሽ ዘና ሲል ማርላ አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሰውዬው ሁለት ቀይ አለው ብሎኝ ነበር።"

"እና አልሰማሽውም" አሉ ኡርሆ።

"ሰምቼዋለሁ። አላመንኩትም።"

ሁለቱን ቀዮች ስታለዋውጣቸው ጩኸቱ ጠፋ፣ ወለሉም የእንጨት ቀለሙን አገኘ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች የሥዕሉን ጥራት ቀየረች። ስክሪኑ ጨለመ። አንድ ሰው ተንፍሶ እስኪጨርስ ድረስ ጨለመ። ከዚያ በራ።

"ኧረ!" አሉ ዶሎረስ። "እኔ ይህን ያህል ወፍራም ነኝ?"

ጨዋታው ተጀመረ፤ ከጎን ባሉት መስመሮች ላይም ሰዎች ብቅ አሉ። ኡርሆ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

"ያ ቶይቮ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጢሙን አየሁት።"

"ቶይቮ ነው" አሉ ዶሎረስ። "መሰላሌን ይዞብኝ የሞተው።"

ማርላ መነጽር ያደረገች ሴት በቀኝ በኩል አየችና ዘለለች። "እነኋቸው! ሄልቪ ናቸው!"

ኡርሆ ወደ ቲቪው ሄዱ። ሁለት እርምጃ ቀርቷቸው ቆሙና ጎንበስ አሉ። አዩ፤ ቆይተው አዩ። ማርላ ሽርጧን ጨብጣ ይዛለች።

"አይደለችም" አሉ። "ሲልቪያ ናት። ያች የቡድናችን ሌላዋ ባለ መነጽር። የሄልቪ መነጽር ከዚህ ዝቅ ይላል።"

ዶሎረስ አንገታቸውን አስግገው አጤኑ። "እውነቱን ነው፤ ሲልቪያ ናት። ማርላ፣ ወደ ዝግ ክፍሉ መግባት ያለብሽ አንቺ ነሽ!"

ማርላና ኡርሆ ተያዩ። ኡርሆ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው ሣቁ፤ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ።

ሄልቪ የመጡት በሦስተኛው ጨዋታ ነው። በግራ መስመር ላይ፣ ትልቁ አፍንጫቸው፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው መነጽር፣ አንድ ነገር ሊናገሩ ያሰቡ የሚመስል ጠመም ያለ አፍ። "እነኋቸው" ያለ ሰው አልነበረም። ኡርሆ ሪሞቷን ከዶሎረስ ተቀበሉ፣ ክሩን አንጓቸው ላይ አሰሩ፣ በአጥር ላይ ጎረቤቱን ሰላም እንደሚል ሰው አገጫቸውን ብቻ ነቀነቁ።

"ደኅና ዋልሽ ሄልቪ።"

ወረወሩ። ስምንት ፒን ወደቀ።

"ሁለት ቀሩህ" አሉ ዶሎረስ።

"አይቻቸዋለሁ። አሁን እኮ ይታያሉ።"

ማርላ ባትሪውን ከወለሉ አነሣች። "እሑድ ለልጅዎ ምን ሊሏት ነው?"

"ምን እላታለሁ? ገመድ ተገዛ እላታለሁ።"

ወደ ማእድ ቤቱ አመራች። የእራቱ ድንች አልተላጠም፣ የጠቆረው መጥበሻ አልታጠበም።

"ማርላ" አሉ ኡርሆ ከኋላዋ። "የአንቺ ፊት እኮ እዚህ ውስጥ የለም።"

"ድስት አለብኝ።"

"ድስቱ የት ይሄዳል?"

በሩን ልትገፋ እጇን ዘርግታ ቆመች። ዞር ብላ ስክሪኑን አየች። ቶይቮ ጢማቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ሲልቪያ አሉ፣ ሄልቪም ከመነጽራቸው በላይ ወደዚህ ያያሉ። ማርላ የሽርጧን ቋጠሮ ፈታች፣ አጣጥፋ በሩ እጀታ ላይ ሰቀለችው፣ ከኡርሆ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኡርሆ የፊቷን ቅርፅ መረጡ፣ ፀጉሯን መረጡ፣ ሽበትም ጨመሩበት። አፍንጫ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ላይ አንድ ረድፍ አፍንጫ ተደረደረ።

"ትንሿ ታምርባታለች" አሉ ዶሎረስ፤ ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"የለም" አለች ማርላ። "ትልቁን ያድርጉት። ከሩቅ የሚለይ ይሁን።"